እግራችሁን ይዛችሁ ኑ
በጠረጴዛ ቴኒስ ክለባችን የልምምድ ዓመት መክፈቻ ላይ የተደረገ ንግግር

የተከበራችሁ የክለባችን አባላት፣ ልጆቻችሁን ይዛችሁ የመጣችሁ ወላጆች፣ የኮሚቴው ወንድሞችና እህቶች፣ እንኳን ለአዲሱ የልምምድ ዓመት በሰላም አደረሳችሁ።

ኮሚቴው ስለ ዓመቱ ዕቅድ፣ ስለ ውድድርና ስለ ዕቃ አያያዝ እንድናገር ጠይቆኛል። እናገራለሁ። ግን ታውቁኛላችሁ። ሆዴ ውስጥ ያለው ነገር ሳይወጣ ሌላው አይወጣልኝም። ስለዚህ ከሱ ልጀምር።

ነገሩ የፎርሃንድ ሉፕ ነው፤ በመዳፍ በኩል ኳሱን ጠርጎ ወደ ፊት እያሽከረከረ የሚልከው ምት። አምና በዚህ አዳራሽ እንደሱ የተወራበት ምት የለም። እረፍት ላይ ሉፕ፣ መልበሻ ክፍል ሉፕ፣ ማታ በስልክ ሉፕ። የሚጠይቀኝ ሁሉ ደግሞ ስለ እጁ ነው የሚጠይቀኝ። ክርኔ የት ይሁን? አንጓዬን ላጥብቀው ወይስ ላላላው? ራኬቴን ምን ያህል ወደ ፊት ደፍቼ ልዝጋው? አንድም ሰው፣ እደግመዋለሁ፣ አንድም ሰው መጥቶ «ቀኝ እግሬ የት ነበር?» ብሎ አልጠየቀኝም።

አንድ ልጃችን አለ። ስሙን አልጠራም፣ ራሱ እዚያ ጋ እየሳቀ ነው። ባክስፒን፣ ማለትም ወደ ኋላ የሚሽከረከር ኳስ፣ በመጣለት ቁጥር ሉፑ መረብ ይገባበታል። «የራኬቴ ላስቲክ ሞቷል» አለኝ። አዲስ ለጠፈ። መረብ። «ከላስቲኩ ሥር ያለው ስፖንጅ ቀጭን ነው» አለኝ። ወፍራም ለጠፈ። መረብ። እግረ መንገዴን፣ ደንቡ ላስቲክና ስፖንጅ ከነሙጫቸው ከ4 ሚሊ ሜትር አይብለጡ ይላል። ባይል ኖሮ ይሄ ልጅ ፍራሽ ይለጥፍ ነበር።

አንድ ቀን ጓደኛው ጨዋታውን በስልክ ቀረጸው። ሦስታችን አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠን ማየት ጀመርን። ልጁ ዓይኑን ከእጁ ላይ ሊነቅል ነው? «አዩ ጋሼ? ክርኔ እዚህ ጋ ከፍ ይላል» ይለኛል። ከአጠገቤ አንድ ቁራጭ ካርቶን ነበር። አነሳሁና የስልኩን የላይኛውን ግማሽ ሸፈንኩት። ከወገብ በታች ብቻ ቀረ። «በል አሁን እይ» አልኩት።

ሁለት ጫማ ይታያል። ተረከዛቸው ወለሉ ላይ ተለጥፏል። ኳሱ ወደ ሆዱ ሲመጣ ጫማዎቹ ንቅንቅ አይሉም። ወደ ቀኝ ጥግ ሲሄድም ንቅንቅ አይሉም። ኳሱ ካለፈ በኋላ ግራው ጫማ ትንሽ ፈቀቅ ይላል። እሱም ላለመውደቅ ነው። ጉልበቱ ቀጥ ብሏል። ጥቂት ካየን በኋላ ልጁ ዝም አለ። ከዚያ ራሱ መናገር ጀመረ። «ይሄ መረብ ነው። ይሄም መረብ ነው።» እጁን ሳያይ! አንዱ ላይ ሲደርስ ቀኝ እግሩ ወደ ኋላ ሄዷል፣ ጉልበቱም ታጥፏል። «ይሄ ገብቷል» አለ። ካርቶኑን አነሳሁት። ገብቷል። በዚያው በማይረባው ላስቲክ!

እስቲ በዚህ እንነጋገር። ባክስፒን ያለው ኳስ ራኬት ሲነካ ወደ ታች ነው የሚሄደው። እሱን ለማንሳት ራኬቱ ከታች ተነስቶ ኳሱን ጠረግ አድርጎ ወደ ላይና ወደ ፊት ማለፍ አለበት። ከታች ለመነሳት ደግሞ እናንተ ራሳችሁ ዝቅ ማለት አለባችሁ። ክንድ ብቻውን ሲወርድ ትከሻ ይዘነበላል፣ ራኬቱ ሰማይ ሰማይ ያያል፣ ኳሱም ጣሪያ ጣሪያ ይላል። ያን ፈርታችሁ ራኬቱን ስትዘጉት ደግሞ መረብ ነው። ጉልበት ሲታጠፍ ግን ሁሉም አብሮ ይወርዳል።

በቀኝ እጅ የምትጫወቱ፣ እግራችሁን ከትከሻችሁ ስፋት በላይ ክፈቱ። ቀኙ ትንሽ ወደ ኋላ ይሁን። ክብደታችሁ ተረከዝ ላይ ሳይሆን የሁለቱም እግራችሁ ፊተኛ ክፍል ላይ ይረፍ። ኳሱ ሲመጣ ቀኝ እግር ክብደቱን ይቀበል። ዳሌ ወደ ቀኝ ይዙር። እጅ ከዳሌ ጋር ይሂድ እንጂ ብቻውን ወደ ኋላ አይሽሽ። ከዚያ ቀኝ እግር ወለሉን ይገፋል፣ ዳሌ ይዞራል፣ ትከሻ ይከተላል። ክንድ የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው። እስከዚያ ዘና ብሎ ይጠብቃል። ኳሱን ከፊታችሁ በቀኝ በኩል አግኙት። ኳሱ እናንተን ካለፈ በኋላ ከኋላ አትጎትቱት። ስትጨርሱ ክብደቱ ግራ እግር ላይ ነው፣ ራኬቱም ግንባራችሁ አካባቢ ቆሟል። አንዳንዶቻችሁ ራኬቱን ግራ ትከሻችሁን አልፎ ጀርባችሁ ድረስ ትወስዱታላችሁ። ለሚቀጥለው ኳስ በምን ጊዜ ልትመለሱ ነው? ብሎክ ሆኖ፣ ማለትም ተጋጣሚ ራኬቱን ደቅኖ ብቻ የመለሰው ኳስም ላይ ሥራው ያው ነው። መነሻው ከፍ ይላል፣ ምቱ አጠር ብሎ ወደ ፊት ይሄዳል።

ይሄ ሁሉ ግን ኳሱ ጋ ከደረሳችሁ ነው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል። እየተንጠራሩ የመቱት ሉፕም እንደዚያው ነው። ጠረጴዛው ስፋቱ 1.525 ሜትር ነው። ስታዩት እጅ የሚበቃው ይመስላል። በእጅ ጀርባ በኩል ከሚመታበት ከባክሃንድ ጥግ፣ ከግራችሁ፣ ዞራችሁ በፎርሃንድ ስትመቱ ግን ቀኝ ጎናችሁ በሙሉ ባዶ ነው። ተጋጣሚ እዚያ ይልከዋል። ቅርብ ከሆነ ሁለቱን እግር አከታትላችሁ ወደ ጎን ሸርተት በሉ። ሩቅ ከሆነ ግራ እግራችሁን በቀኙ ፊት አቋርጣችሁ እርገጡ። ሌላው ሰው ኳሱን ሊመታ ሲል ቆማችሁ አትጠብቁ። ትንሽ ነጠር በሉና ጣታችሁ ላይ ሁኑ።

«ድሮ እኮ ሰው ቆሞ በእጁ ይመታ ነበር» የምትሉ አላችሁ። ይሁን። በፈረንጆቹ 2000 ኳሱ ከ38 ወደ 40 ሚሊ ሜትር አደገ። በ2008 ላስቲክ የሚያፈጥነው ሙጫ ታገደ። በ2014 ሴሉሎይዱ ኳስ በፕላስቲክ መተካት ጀመረ። እያንዳንዱ ለውጥ ከፍጥነቱ ወይ ከሽክርክሪቱ ትንሽ ትንሽ ቆንጥሮ ወሰደ። የተወሰደውን ማን ይሙላው? ክንዳችሁ? ክንዳችሁማ ከሦስተኛው ጌም በኋላ ራኬቱን መያዝም ያቅተዋል!

በፈረንጆቹ የ2004ቱን የአቴንስ ኦሎምፒክ የወንዶች ነጠላ ፍጻሜ ፈልጋችሁ እዩት። ኮሪያዊው ሪዩ ሱንግ ሚን ቻይናዊውን ዋንግ ሃዎን 4 ለ 2 አሸነፈ። ዋንግ በሁለቱም በኩል ያጠቃል። ሪዩ ጠንካራ ባክሃንድ አልነበረውም። ያለው ፎርሃንድና እግር ነው። ባክሃንዱ ጥግ የመጣውንም ዞሮ በፎርሃንድ ይመታዋል። ስታዩት ታዲያ ካርቶኑን አትርሱ።

አሁን ወደ ቅሬታዬ ልምጣ። ልምምዳችን የሚጀምረው በእግር ሥራ ነው። ያለ ኳስ፣ ያለ ጠረጴዛ። በዚያ ሰዓት አዳራሹ ባዶ ነው! አንዱ ጫማው ጠፍቶበታል። አንዱ ስልክ ተደውሎለታል። አንዱ መንገድ ተዘግቶበታል። የእግሩ ሥራ አልቆ ኳስ ሲወጣ ግን መንገዱ ሁሉ ይከፈታል፣ ሰው ይጎርፋል። ይሄ መዘግየት አይደለም። መሸሽ ነው። እንተዋወቃለን!

ወላጆች፣ ይቅርታ አድርጉልኝና ለእናንተም አለኝ። ልጁ በተሸነፈ ቁጥር የበለጠ ውድ ራኬት አትግዙለት። በዓመት ሦስት ራኬት የቀየረ፣ አንድ ቀን ግን ጉልበቱን ያላጠፈ ልጅ አውቃለሁ። አሰልጣኝ ነን የምትሉም ስሙኝ። ልጁን አንድ ቦታ ገትራችሁ ባልዲ ሙሉ ኳስ እፎርሃንዱ ላይ ስትወረውሩለት ሁሉንም ያገባል። እናትየው ታጨበጭባለች። ውድድር ላይ ግን ተጋጣሚው ኳሱን እቦታው ድረስ አያመጣለትም። ያኔ ልጁ ያለቅሳል፣ እናንተ ደግሞ «ሥነ ልቦናው ደካማ ነው» ትላላችሁ። ሥነ ልቦናው ምን አደረገ? እግሩን ያላስተማራችሁት እናንተ!

ለዘንድሮ የመረጥነው ዋና ልምምድ በስዊድኑ ፋልከንበርግ ክለብ ስም የሚጠራው ነው። ከባክሃንድ ጥግ አንድ ባክሃንድ። እዚያው ዞሮ አንድ ፎርሃንድ። ከዚያ ወደ ፎርሃንድ ጥግ ሄዶ አንድ ፎርሃንድ። ተመልሶ እንደገና። ስትጀምሩት ቀስ በሉ። ጓደኛችሁን ለማሳፈር ኳሱን አታፍጥኑበት።

የቀረውን ቶሎ ልበል። ዕቃ፦ ላስቲካችሁን ከልምምድ በኋላ አቧራውን ጥረጉ። ጠረጴዛ ላይ አትቀመጡ። ውድድር፦ ፕሮግራሙ ሰሌዳው ላይ ይለጠፋል። መዋጮ፦ ገንዘብ ያዥዋ በሩ ላይ ናት፣ እሷን አልፎ መውጣት አይቻልም።

ከሚቀጥለው ልምምድ ጀምሮ በመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ጠረጴዛ አይዘረጋም፣ የኳስ ሳጥንም አይከፈትም። ያረፈደ አግዳሚው ላይ ተቀምጦ የሌላውን እግር ያያል። ኮሚቴው ተስማምቷል። ቅሬታ ያለው ሰው እኔን ያናግረኝ፣ ጉልበቱን አጥፎ እየጠበቀ።

አመሰግናለሁ።