ረዳቱ በሩን ካልከፈተ፦ ስለ ስኳር በሽታ ከደሴ ፒያሳ

[ምስል፦ ፒያሳ፣ ጠዋት። የጦሳ ተራራ በጭጋግ ተሸፍኗል።]

ሰላም ሰላም የደሴ ልጆች! ሰላም የኮምቦልቻ ልጆች! ከሁለቱም ያልሆናችሁ አብሽሩ፣ ዛሬ እንግዶቻችን ናችሁ። ድምፄ ከጎረነነ ይቅርታ፣ የኅዳር ብርድ ነው። ኮምቦልቻዎች አትሳቁ፣ እናንተ የሐረጎን ቁልቁለት ወርዳችሁ ሙቀት ላይ ናችሁ።

ዛሬ ስለ ስኳር በሽታ ነው። ቆይ፣ አትዝለሉት! እኔም እስካለፈው ቅዳሜ ድረስ አውቀዋለሁ ባይ ነበርኩ።

ቅዳሜ ምን ሆነ? ነጭ ጋውን የለበሱ የጤና ተማሪዎች መንገድ ዳር ጠረጴዛ ዘርግተዋል። አንድ ሚዛን፣ አንድ የግፊት መለኪያ፣ አንድ ጣት ወግታ ስኳር የምትለካ ትንሽ መሣሪያ። የሚከፍላቸው የለም፣ በጎ ፈቃደኞች ናቸው። ቀኑንም ዝም ብለው አልመረጡትም። በፈረንጅ ኖቬምበር 14 የዓለም የስኳር ሕመም ቀን ነው፤ ኢንሱሊንን በ1921 ካገኙት ሰዎች አንዱ የሆነው የካናዳዊው ሐኪም የፍሬድሪክ ባንቲንግ ልደት ነው።

የመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ግን፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ አልሆነላቸውም። አንዱ ልጅ ማይክ ይዞ «ተላላፊ ያልሆኑ በሽታዎች» ብሎ ጀመረ። ሰው አለፈ። «ካርቦሃይድሬት» አለ። ሰው ፈጥኖ አለፈ! ከዚያ አንዷ ማይኩን ተቀበለችውና «እናቶች፣ ቡና ላይ ስንት ማንኪያ ነው የምትጨምሩት?» አለች። በቃ። ሰው ቆመ። «ሁለት!» «ሦስት!» «ሦስት? ልጄ፣ ያ ቡና ነው ሽሮፕ?» ክርክሩ እስከ አስፋልቱ ደረሰ።

[ምስል፦ የታክሲ ሰልፍ]

አሁን ወደምወደው ምሳሌ። አመሻሽ ላይ ታክሲ ጠብቃችሁ ታውቃላችሁ አይደል? እንግዲያው በሽታውን ታውቁታላችሁ። ስኳሩ ተሳፋሪው ነው። ደም ሥር መንገዱ ነው። የሰውነታችን ሴሎች ታክሲዎቹ ናቸው። ኢንሱሊን ደግሞ ረዳቱ ነው፣ ወያላ የምትሉትም አላችሁ። በሩን የሚከፍተው እሱ ነው። ረዳቶቹን የሚልከው ቢሮ ቆሽት ይባላል፣ ከጨጓራ ጀርባ ነው ያለው።

ጤነኛ ቀን ላይ ምን ይሆናል? በላን፣ ተሳፋሪው ወጣ፣ ረዳቱ በሩን ከፈተ፣ «ግባ ግባ ግባ!» ሁሉም ገባ፣ መንገዱ ጸዳ።

አሁን ረዳቱ ቀረ እንበል። ተሳፋሪው መንገዱን ሞላው። ታክሲው ግን ባዶውን ቆሟል! ይቺን ያዙልኝ። መንገዱ ሙሉ፣ ታክሲው ባዶ። ለዚህ ነው ደሙ በስኳር ተሞልቶ ሰውየው የሚርበው፣ የሚደክመው፣ የሚከሳው። ሰልፍ የሰለቸው ተሳፋሪ ደግሞ በቦዩ መውጣት ይጀምራል። ቦዩ ሽንት ነው። ሲወጣ ብቻውን አይወጣም፣ ውኃ ይዞ ነው የሚወጣው። ሽንት በዛ፣ ከዚያ ጥም በዛ። የቀረው ሕዝብ መንገድ ላይ ሲገፋፋ ውሎ ሲያድር የሱቆቹን መስታወት ይሰብራል። መስታወቶቹ ዓይን፣ ኩላሊት፣ የእግር ነርቭ ናቸው።

«ባጃጅስ? ባጃጅ በር የለውም!» የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ምሳሌዬን አታበላሹብኝ።

ቴክኒኩን በሩጫ፦ ዓይነት 1 ላይ ረዳት የለም፣ ከውጭ በመርፌ ይመጣል፣ አማራጭ የለውም። ዓይነት 2 ላይ ረዳቱ አለ፣ ይጮኻል፣ በሩ ግን ዝጓል። ቢሮው ረዳት ሲጨምር፣ ሲጨምር፣ በመጨረሻ ራሱ ይደክመዋል። አብዛኛው ታማሚ ዓይነት 2 ነው፣ መከላከል የሚቻለውም በብዛት እሱን ነው። ቁርስ ሳይበላ ሲለካ (በሚሊግራም በዴሲሊትር) ከ100 በታች ደህና፣ ከ100 እስከ 125 ቢጫ መብራት፣ 126 እና ከዚያ በላይ ደግሞ ስኳር። ምልክት ከሌለ በሌላ ቀን ይደገማል። አለቀ። ያልገባው ወደኋላ መልሶ ይየው።

እዚህ ጋ ሰብስክራይብ። ነጻ ነው፣ ስኳርም የለውም።

አሁን ወደ ኮሜንት። ባለፈው ቪዲዮ ላይ አንድ ተከታታያችን ምን ብለዋል፦ «እኔ የወሎ ሰው ነኝ፣ ቡናዬን በጨው ነው የምጠጣው፣ ስኳር በሽታ የት ያገኘኛል?» ሥሩ ደግሞ «እውነት ነው፣ እውነት ነው» የሚል ሰልፍ። እሺ፣ በዚህ እንቀመጥ።

አንደኛ፣ ቡና በጨው ክብር ነው፣ አያቴም እንደዚያ ነበር የምትጠጣው። ሁለተኛ ግን ወንድሜ፣ በሽታው ስሙ ነው ያሳሳተን። ስሙ ስኳር ስለሆነ በሩ የስኳር ዕቃ ብቻ መሰለን። ዳቦውስ? እንጀራውስ? ድንቹስ? ምላስ ላይ አይጣፍጡም፣ ሆድ ውስጥ ግን ተፈጭተው ያው ተሳፋሪ ነው የሚሆኑት። ተሳፋሪው ከስኳር ዕቃ ይምጣ ከመሶብ፣ ረዳቱ አያውቀውም። «ጤፍ ነው የምበላው» ትለኛለህ። ጤፍ ጥሩ እህል ነው፣ ግን ሦስት እንጀራ ሦስት እንጀራ ነው። «ማርስ?» ማርም ስኳር ነው፣ ንብ ስለሠራችው ተሳፋሪው አይቀንስም። እንጀራ ተው አልልህም፣ ይሄን ብል እናቴ ከቤት ታባርረኛለች። እንጀራውን ቀንስ፣ ጎመኑንና ምስሩን ጨምር ነው።

ሦስተኛ፣ ጨው ሲበዛ ግፊት ያመጣል። ግፊትና ስኳር ደግሞ አንድ ቤት የሚያድሩ ጓደኛሞች ናቸው። ስለዚህ ከአንዱ ሸሽተን የሌላው በር ላይ ቆመን እንዳይሆን። ጋሼ፣ አይቀየሙኝ፣ ኮሜንትዎን ወድጄዋለሁ።

[ምስል፦ ጠረጴዛው በቅርበት]

ወደ ተማሪዎቹ። አንድ አባት መጡ፣ ቀጭን፣ ኮፍያ ያደረጉ። ብርቱካን እየላጡ ነው። ያቺው ማይክ የተቀበለችው ልጅ ጣታቸውን በአልኮል ነገር ጠረግ አድርጋ ወጋች። 247! ሰውየው ነጭ ሆኑ። «በቃ አለቀልኝ?» አሉ። ልጅቷ ቁጥሩን አየች፣ እጃቸውን አየች፣ ልጣጩን አየች። «ጋሼ፣ እጅዎን በሳሙና ይታጠቡልኝ» አለች። ውኃ በሃይላንድ መጣ፣ ታጠቡ፣ በደንብ ደረቁ፣ ሌላ ጣት ተወጋ። 138። ቁርስ ለበላ ሰው የሚያስደነግጥ አይደለም። የብርቱካኑን ጭማቂ ነበር የለኩት! እሷ ራሷ ቀላች፣ «ቀድሜ ማሳጠብ ነበረብኝ» ብላ ይቅርታ ጠየቀች። ከዚያ ወረቀት ጻፈችላቸው፦ ማክሰኞ፣ ጤና ጣቢያ፣ ቁርስ ሳይበሉ።

ለእኔ ሥራው ያ ወረቀት ነው። ለክቶ፣ ቁጥር ነግሮ፣ ሰው አስደንግጦ፣ ፎቶ ተነሥቶ መሄድ ዘመቻ ነው እንጂ ጤና አይደለም። ቲሸርት ከማሳተም ሳሙና መግዛት ይቀድማል። ልጆቹም ለሚቀጥለው ቅዳሜ ጀሪካን እንይዛለን ብለዋል።

ደግሞ አንድ የምሥራች። በፈረንጅ 2002 የታተመ ትልቅ የአሜሪካ ጥናት አለ። ቢጫ መብራት ላይ ያሉ ሰዎች ክብደታቸውን 7 በመቶ እንዲቀንሱና በሳምንት 150 ደቂቃ እንዲንቀሳቀሱ ተደረገ። ወደ ዓይነት 2 የመግባት ዕድላቸው በ58 በመቶ ቀነሰ። በዚያው ጥናት ለሌሎቹ ከተሰጠው ኪኒን በለጠ! አንዱ ምክንያት፣ ጡንቻ ሲሠራ ረዳት ሳይጠብቅ የኋላ በሩን ራሱ ይከፍታል። 150 ደቂቃ ማለት በቀን 30፣ አምስት ቀን። ደሴ ላይ ይሄ ምኑ ይከብዳል? ከተማው ሙሉ ዳገት ነው! ባጃጁን አንድ ፌርማታ ቀድማችሁ ውረዱ። ኮምቦልቻዎች ደግሞ ሜዳ ላይ ናችሁ፣ ሰበብ የላችሁም። ለስላሳውንም በሙቀት አታሳብቡ፣ አንድ ጠርሙስ ውስጥ ሰባት ስምንት የሻይ ማንኪያ ስኳር አለ።

የዓለም ጤና ድርጅት የተጨመረ ስኳር በቀን ከ25 ግራም ባይበልጥ ይመረጣል ይላል። ስድስት የሻይ ማንኪያ ገደማ ነው። አቦል ሁለት፣ ቶና ሁለት፣ በረካ ሁለት። ቡና ብቻ ጨረሰው! ሻይ አልመጣም ገና።

ይሄን ለእናቴ ነገርኳት። ተማሪዎቹ ያሉትን፦ ስኳሩን ሲኒ ውስጥ አስቀድመሽ አትጨምሪ፣ ዕቃውን ረከቦቱ ላይ አድርጊው፣ ሁሉም የፈለገውን ይጨምር። «እንግዳ ፊት? ሰሳች እንድባል?» አለች። ትናንት ግን ጎረቤት መጣ፣ የስኳር ዕቃው ረከቦቱ ላይ ነበር። ጎረቤታችን አራት ጨመረ። እናቴ አየችኝ። እኔ ካሜራዬን አየሁ።

በሚቀጥለው ሳምንት ስለ እግር ነው፣ ካልሲ አውልቃችሁ ጠብቁኝ። እናንተ ስንት ማንኪያ ናችሁ? ኮሜንት ላይ ጻፉት፣ እውነቱን ግን።