ከደመወዙ በፊት መሬቱ

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ ወንድሞችና እህቶች፤

በሜልበርን የምንኖር ኢትዮጵያውያን ከአውስትራሊያ ነባር ሕዝቦች አንዱ የሆነውን የጉሪንጂን ሕዝብ ትግል ለማሰብ በመሰባሰባችን ደስታዬ ታላቅ ነው። ዘመኑን በምንኖርበት አገር አቆጣጠር እጠራለሁ። የመጣሁት ለዓመታት የከነከነኝን አንድ ነገር ልናገር ነው፤ የዌቭ ሂል ታሪክ እስከ ዛሬ እንደ ደመወዝ ክርክር ይተረካል፤ ይህ ትክክል አይደለም።

ዌቭ ሂል በሰሜን አውስትራሊያ በኖርዘርን ቴሪቶሪ፣ ናታኒየል ቡካናን በ1883 ያቋቋመው የከብት እርባታ ጣቢያ ነው። ምድሩ ግን ባዶ አልነበረም። የጉሪንጂ ሰዎች ወንዙንና ምንጩን በስም ያውቁ ነበር፤ ከብቱ ውሃቸውን ረገጠው፣ የሚያድኑት እንስሳ ራቀ፣ ብዙዎችም ተገደሉ። በ1914 የእንግሊዙ የቬስቲ ቤተሰብ ኩባንያ ጣቢያውን ሲይዝ፣ የተረፉት በገዛ አገራቸው ጭሰኛ ሆነው ያገለግሉ ነበር። ከብት የሚነዱት፣ የሚጠምዱት፣ የጌቶችን ቤት የሚያጸዱት እነርሱ ሲሆኑ፣ ዋጋቸው በአብዛኛው ዱቄት፣ ስኳር፣ ሻይና በጨው የታሸ ሥጋ ነበር። የሥራ ግልግል ኮሚሽኑ በማርች 1966 እኩል ደመወዝ ቢፈቅድም፣ ተፈጻሚነቱን እስከ ዲሴምበር 1968 አዘገየው።

ኦገስት 23 ቀን 1966 የጉሪንጂዎች መሪ ቪንሰንት ሊንጊያሪ ሁለት መቶ ያህል ሠራተኞችንና ቤተሰቦቻቸውን አስከትሎ ጣቢያውን ለቆ ወጣ። ልጅ ያዘለች እናትና በዕድሜ የገፋ አዛውንት አብረው ተጓዙ። በመጀመሪያ በቪክቶሪያ ወንዝ ዳር ሰፈሩ። ደመወዝ መጠየቃቸው እውነት ነው፤ የሚገባቸውም ነበር። ነገር ግን በ1967 ወደ ጣቢያው አልተመለሱም፤ ዋቲ ክሪክ፣ በራሳቸው አጠራር ዳጉራጉ፣ ወደሚባለው፣ ለቅዱሳን ቦታዎቻቸው ወደሚቀርበው ስፍራ ተሻገሩ። በዚያው ዓመት ለጠቅላይ አገረ ገዥው ለሎርድ ኬሲ ማመልከቻ ላኩ፤ የጠየቁትም 1,300 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ያህል መሬት እንዲመለስላቸው ነው። ጥያቄው ውድቅ ሆነ። እነርሱ ግን አልተነቃነቁም!

ለደመወዝ ብቻ የወጣ ሰው ዘጠኝ ዓመት ሜዳ ላይ ይቀመጣልን? በ1965 በአዲስ አበባ ጎዳና ላይ «መሬት ላራሹ» ሲባል የሰማችሁ ወይም ከወላጆቻችሁ የተነገራችሁ ሁሉ፣ ይህን ጥያቄ ማንም ሊያስረዳችሁ አያስፈልግም። ጉሪንጂዎች ችሮታ አልለመኑም፤ የተወሰደባቸውን ጠየቁ። ትግላቸውን ወደ ደመወዝ ዝርዝር ማሳነስ መሬቱን ከታሪካቸው ላይ ሁለተኛ ጊዜ መንጠቅ ነው!

ጠቅላይ ሚኒስትር ጋፍ ዊትላም ኦገስት 16 ቀን 1975 በሊንጊያሪ መዳፍ ላይ አፈር ሲያፈስስ የሚያሳየውን ፎቶግራፍ ታውቁታላችሁ። የዚያን ቀን ግን የተላለፈው 3,236 ስኩዌር ኪሎ ሜትር በኪራይ ይዞታ ነበር። ሙሉ ባለቤትነቱ የተረጋገጠው በ1986፣ ሊንጊያሪ ከማረፉ ጥቂት ቀደም ብሎ ነው። የዌቭ ሂል ጣቢያ ግን ከዚያም በኋላ በሌሎች እጅ ቀረ፤ ጉሪንጂዎች በዚያ ላይ ያላቸውን የነባር ሕዝብ መብት የፌዴራል ፍርድ ቤት ያወቀላቸው በ2020 ሲሆን፣ ከብት እርባታው አሁንም እንደቀጠለ ነው።

ስላዳመጣችሁኝ አመሰግናለሁ።