ሎውዉድ፦ ጫካ ውስጥ የተሠራው ጸሎት ቤት

[ምስል፦ አረንጓዴ ዳገት፣ የሣር ክዳን ያለው የድንጋይ ቤት]

ተራኪ፦ ላዩን ላየው የገበሬ ጎተራ ነው የሚመስለው። ደወል የለው፣ መስቀል የለው። በደቡብ ምዕራብ እንግሊዝ፣ ዴቨን ውስጥ፣ ዳልዉድ ከምትባል መንደር አጠገብ የሚገኝ የባፕቲስቶች፣ ማለትም ከመንግሥት ቤተ ክርስቲያን የተለዩ ፕሮቴስታንቶች፣ ጸሎት ቤት ነው። እ.ኤ.አ. በ1653 እንደተመሠረተ ይነገራል። የመሠረቱት ግን ከጎረቤት መንደር፣ ከኪልሚንግተን የመጡ ምእመናን ናቸው።

[ካርታ፦ የሁለቱ አውራጃዎች ድንበር]

መንደራቸውን ትተው ለምን እዚህ መጡ? ቦታው ያኔ ጫካ ነበር። በዚያ ላይ ዳልዉድ ዙሪያዋን በዴቨን ተከባ ሳለ የምትተዳደረው በዶርሴት ሥር ነበር። የአንዱ አውራጃ ዳኛ በሌላው ላይ ስለማያዝ፣ ድንበር ጥሩ መሸሸጊያ ነው።

በእምነታቸው ምክንያት የደረሰባቸው ስደት ግን ብዙዎች እንደሚተርኩት ገና በ1653 የነበረ አይደለም። ያ እንግሊዝ ያለ ንጉሥ በክሮምዌል የምትመራበት ዘመን ነው፤ ባፕቲስቶች በአንጻሩ ተንፈስ ያሉበት። ዱላው የመጣው በ1660 ቻርልስ 2ኛ ከነገሠ በኋላ ነው። በ1664 የወጣው ሕግ ከቤተሰቡ ሌላ ከ5 የሚበልጡ ሰዎች ከመንግሥት ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ውጭ ለአምልኮ እንዳይሰበሰቡ ከለከለ። መጀመሪያ የተያዘ እስከ 5 ፓውንድ ይቀጣል ወይም እስከ 3 ወር ይታሰራል። ሦስተኛ ጊዜ የተያዘ፣ 100 ፓውንድ ካልከፈለ፣ ለ7 ዓመት ባሕር ማዶ ይጋዛል። በዚያን ጊዜ ለድሃ ገበሬ 100 ፓውንድ የማይታሰብ ነው። ጫካው ዋጋ ያገኘው እንግዲህ ያኔ ነው።

በ1689 ነገሩ ተቀየረ። አዲሱ ሕግ አምልኮውን ፈቀደ፤ ግን በአምልኮ ሰዓት በሩ እንዳይቆለፍ አዘዘ። መንግሥት አሁንም አላመናቸውም ማለት ነው።

[ምስል፦ የቤቱ ውስጥ]

ዛሬ ውስጡ የሚታየው በአብዛኛው የ18ኛው ክፍለ ዘመን ሥራ ነው፦ መዝጊያ ያላቸው የእንጨት መቀመጫዎች፣ ከፍ ያለ መስበኪያ፣ በኖራ የተለሰነ ጣሪያ፣ ከሩቅ ለሚመጡ ሰዎች ማረፊያ ክፍሎች።

ዋናው ነገር ግን እግር ሥር ነው። የወለሉ ጣውላ ሲነሳ የማጥመቂያ ገንዳ ይወጣል። እኛ አገር ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀን ክርስትና ሲነሱ ለለመደ ሰው ገንዳው ትልቅ ሊመስለው ይችላል። ባፕቲስቶች ሕፃን አያጠምቁም፤ ሰው ራሱ አምኛለሁ ብሎ ሲጠይቅ ሙሉ በሙሉ ውኃ ውስጥ ይጠልቃል። ስለዚህ ገንዳው የተሠራው በአዋቂ ሰው ልክ ነው።

ቤቱን ከ1969 ጀምሮ የሚጠብቀው ናሽናል ትረስት የተባለው የቅርስ ድርጅት ነው።