እስክስታ የሚወርድ ልብ ፎቶ እንዴት ይነሣል? የልብ ሲቲ ስካን

ሰላም ተመልካቾቻችን! ሲቲ ስካን በኤክስሬይ የሰውነትን ውስጥ የሚያሳይ ማሽን እንደሆነ ታውቃላችሁ፤ ዛሬ ቀጥታ ወደ ልብ እንግባ።

ሠርግ ላይ እስክስታ የሚወርድ ሰው ፎቶ አንሥታችሁ ታውቃላችሁ? ትከሻው ሲርገፈገፍ ከተጫናችሁት ፊቱ ይለያል፣ ትከሻው ግን ጭጋግ ነው። ጎበዝ ፎቶ አንሺ ምን ያደርጋል? ዓይኑን ካሜራው ላይ፣ ጆሮውን ከበሮው ላይ። ድው… ድው… በሁለቱ ምት መካከል ትከሻ የሚያርፍባት ቅጽበት አለች። እሷን ጠብቆ ነው የሚጫነው።

ልብም እንደዚያው ነው። ከበሮው ኢሲጂ ነው፣ የልብን ምት በኤሌክትሪክ የሚከታተለው መሣሪያ፤ ደረታችሁ ላይ የሚለጠፉት ገመዶች ምቱን ለማሽኑ ያሰሙታል። ማሽኑ ከአንዱ ምት እስከ ቀጣዩ ያለውን ጊዜ መቶ ብሎ ይቆጥርና ከ70 እስከ 80 ላይ ያነሣል። ያኔ ልብ ደም እየሞላ ያርፋል።

ከበሮ መቺው ቢፈጥንስ? ዕረፍቷ ታልቃለች። ለዚህ ነው ምታችሁ በደቂቃ ከ60–65 በታች እንዲሆን የሚፈለገው፤ ብዙ ጊዜ ከአንድ ሰዓት በፊት ምት የሚያረጋጋው መድኃኒት ሜቶፕሮሎል ከ50 እስከ 100 ሚሊግራም በአፍ ይሰጣል። አስም ካለባችሁ አስቀድማችሁ ተናገሩ! ከበሮ መቺው አንድ ምት ቢስትስ? ምስሉ የሚገጣጠመው ከተለያዩ ምቶች ስለሆነ የምንፈልገው ቧንቧ፣ ማለትም ለልብ ጡንቻ ደም የሚያደርሰው የደም ሥር፣ እንደ ደረጃ ተሰብሮ ይታያል። ከሁሉ የሚወዛወዘው የቀኙ ቧንቧ ደግሞ ቀድሞ ይበላሻል።

እና ቡና! አቦሉም፣ ቶናውም፣ በረካውም ይቅር። ለ12 ሰዓት ያህል ነው፤ ቀጠሯችሁ ጠዋት 3 ሰዓት ከሆነ ከማታው 3 ሰዓት ጀምሮ ቡና የለም፣ ሻይና ኮላም የለም።

የቀረው ፈጣን ነው። ቀኝ ክንድ መታጠፊያ ላይ 18 ወይም 20 ቁጥር ካኑላ (ደም ሥር ውስጥ የምትገባ ቀጭን ቱቦ)፣ አረንጓዴዋ ወይም ሮዟ። ቀጭኗ ግፊቱን አትችልም፤ ቧንቧውን በምስሉ ላይ የሚያበራው ፈሳሽ፣ ኮንትራስቱ፣ በሰከንድ 5 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው የሚገባው፣ ከኋላው ሴላይን (የጨው ውሃ) ይከተላል። ከምላስ ሥር የሚሰጠው መድኃኒት ናይትሮግሊሰሪን ቧንቧውን ያሰፋል፤ ሲልደናፊል (ቪያግራ) የወሰደ ሰው ግን ደም ግፊቱ ክፉኛ ሊወርድ ይችላልና አይደብቅ፣ እባካችሁ። ኮንትራስቱ ሲገባ ሰውነት ይሞቃል፣ ሽንት ያመለጠ ይመስላል፤ አላመለጠም። ይህን ሳያውቅ የገባ ሰው ይደነግጣል፣ ምቱም ይፈጥናል። ትንፋሽ ያዙ ስትባሉ መጠነኛ አየር ስባችሁ ዝም በሉ፤ አታምጡ፣ ማማጥ የኮንትራስቱን መንገድ ያውካል።

አሁን በአስተያየት መስጫው ደጋግማችሁ ወደምትጠይቁት። «ካልሲየም ተገኘብኝ፣ ወተት ላቁም?» አይ! አይ! የቧንቧው ካልሲየም ከብርጭቆ አልመጣም። በቧንቧው ግድግዳ ውስጥ ስብ ተጠራቅሞ ሲቆስል፣ ቁስሉ ሲቆይ የሚደድር ነው። ወተቱን ትታችሁ ሲጋራውን ከቀጠላችሁ ምንም አልሠራችሁም። በቧንቧው ግድግዳ ያለውን ካልሲየም በቁጥር የሚገልጸው የካልሲየም ቆጠራ ራሱ ያለ ኮንትራስት የሚነሣ ሌላ ምስል ነው። «ዜሮ ወጣልኝ፣ ነጻ ነኝ» ለምትሉም፦ ዜሮ በጣም ደስ የሚል ውጤት ነው፤ ነገር ግን ገና ያልደደረውን ለስላሳ ስብ አይቆጥርም። ደረቱን የሚያመው ሰው ዜሮ ይዞ ቤቱ አይቀመጥ።

በተቃራኒው ቆጠራው ከ400 በላይ ከሆነ ካልሲየሙ በምስሉ ላይ ከመጠኑ በላይ አብጦ ያበራል፣ ጥበቱንም አጋንኖ ያሳያል። ስለዚህ ሐኪሙ በካቴተር፣ ማለትም በደም ሥር እስከ ልብ በሚገባ ቀጭን ቱቦ፣ የሚሠራውን ምርመራ ቢመርጥላችሁ አትደንግጡ። እሱን በሚቀጥለው ቪዲዮ እናያለን፤ ሰብስክራይብ አድርጉ፣ ቀጠሮ ላላቸው ወላጆቻችሁም ይህን ላኩላቸው።