ሃርነሱ አይሸጥም

እሺ። ሰላም ናችሁ? ድምፄ ጎርነን ካለ ጉንፋን ነው። አላለቀስኩም። ገና።

ባለፈው የአለት መውጫ ዕቃዎቼን ልሸጥ ነው ብዬ ነበር አይደል? ሸጥኩ። ማለቴ፣ የሚሸጠውን ሸጥኩ። ትከሻዬን ታውቁታላችሁ፣ ዛሬ እሱን አናነሳም።

መጀመሪያ የሄደው ብረታ ብረቱ ነው። ካራቢነር፣ ያቺ ገመድ የምትይዘው ባለ በር የብረት ቀለበት፣ የምትችለው ጉልበት 22 ኪሎኒውተን ምናምን ተብሎ ተጽፎባታል። ገመድ ካልበላው፣ ካልተሰነጠቀ፣ በሯ በደንብ ከዘጋች ገዢ አያጣም። ካሞቹማ ወረፋ ነበራቸው። አለት ስንጥቅ ውስጥ ትከቷታላችሁ፣ ስትስቧት የባሰ ትነክሳለች፣ እሷ ናት ካም። የኔዎቹ ካማሎት የሚባለው ዓይነት ናቸው። ቀይዋ አንድ ቁጥር፣ ቢጫዋ ሁለት፣ ሰማያዊዋ ሦስት። እነዚህ ወዲያው አለቁ። ለምን መሰላችሁ? እዚህ አሜሪካ፣ ዩታ ውስጥ ኢንዲያን ክሪክ የሚባል ቦታ አለ። እዚያ አንዳንዱ ስንጥቅ ከታች እስከ ላይ ስፋቱ አይለወጥም። አንድ መስመር ለመውጣት ያንኑ ቁጥር ካም ብዙ ይዞ መሄድ ያስፈልጋል። ስለዚህ ከዴንቨር ወደዚያ የሚነዳ ሰው ሁሉ ያገለገለ ሁለት ቁጥር ሲያድን ነው የሚውለው። ትልልቆቹ ግን አሁንም ጋራዥ ተኝተዋል። ስድስት ቁጥር የሚፈልግ ካለ ይጻፍልኝ። እየቀለድኩ አይደለም።

እና ያ ልጅ መጣ።

ስንጻጻፍ በእንግሊዝኛ ስለነበር ሀበሻ መሆኑን አላወቅኩም። ሃያዎቹ ውስጥ ያለ፣ የዚሁ የአውሮራ፣ የዴንቨር አጠገብ ልጅ። ከመኪናው ወርዶ አየኝና «እንዴ! እትዬ፣ እርስዎ ኖት ባለ ካሟ?» አለኝ። እትዬ! እርስዎ! በአንድ አረፍተ ነገር ውስጥ ሁለቴ ቀበረኝ። እዚያው ዋጋ ልጨምርበት ነበር።

ሁለት ካም ወሰደ። ጨርቁን አገላብጦ አየ፣ የተሰፋበትን ቀን አነበበ። ጎበዝ። የካም ዋጋ የሚወርደው በማንጠልጠያ ጨርቁ ነው። ብረቱ ደህና ቢሆንም ጨርቁ ካረጀ ማስቀየሪያው ይታሰባል። ተከራከረኝ፣ ትንሽ ቀነስኩለት። ከዚያ ግድግዳው ላይ የተንጠለጠለውን ሃርነስ አየ፣ ያንን ወገብና ጭን ላይ ታስሮ ገመዱ የሚያያዝበትን ቀበቶ።

«እሱስ?»

«አይሸጥም።»

«ዋጋ ይንገሩኝ እስቲ።»

ዋጋ የለውም አልኩት። ከዚያ ትምህርት ጀመርኩ፣ ታውቁኛላችሁ። ሃርነስ ናይለን ነው አልኩት። ብዙ ፋብሪካዎች ባትጠቀሙበት እንኳ ከ10 ዓመት በኋላ ጣሉት ይላሉ። ፀሐይ ይጎዳዋል። የመኪና ባትሪ አሲድ ከነካው ደግሞ ላዩ ምንም ሳይመስል ውስጡ ይበላል። እኛ ደግሞ የቆምነው ጋራዥ ውስጥ ነው! ስለ ቶድ ስኪነርም ነገርኩት። በ1988 ካሊፎርኒያ፣ ዮሰሚቲ ላይ ሳላቴ ዎል የሚባለውን ገደል ከጓደኛው ጋር በነፃ አወጣጥ የወጣ ሰው ነው። በዕቃ እየተንጠለጠለ ሳይሆን በእጅ በእግሩ ማለት ነው። በ2006 እዚያው ዮሰሚቲ በገመድ ሲወርድ የሃርነሱ የፊት ቀለበት ተበጠሰ። ሞተ። ሃርነሱ ማለቁን ያውቅ ነበር፣ አዲስ አዝዞ ነበር።

ልጁ ዝም ብሎ ሰማኝ። እጁን ኋላው አጣምሮ። ቤተ ክርስቲያን የቆመ ነው የሚመስለው። ስጨርስ ሃርነሱን አየ፣ እኔን አየ።

«ታዲያ ለምን አልቆረጡትም?»

በቃ። ይኼው ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ የምሰማው ይሄንን ነው።

ምክንያቱም ደንቡ ይሄ ነው። ያለቀ ሃርነስ ወይም ገመድ ዝም ብሎ አይጣልም፣ ይቆራረጣል። ሌላ ሰው ከቆሻሻ ውስጥ አንስቶ እንዳይታሰርበት። ልጁ ደንቡን ያውቀዋል። ሊያዋርደኝ ነው እንዳልል፣ ፊቱ ላይ ምንም የለም። የምር ጠየቀኝ። እኔ ምን አልኩ? «መቀስ ፈልጌ...» አልኩ። መቀሱ ከጀርባዬ ነው። መሳሪያ ሳጥኑ ላይ። ቀይ እጀታ ያለው። አይቶታል መሰለኝ። ከዚያ «ችግር የለም እትዬ» አለኝ። ምን ማለት ነው ችግር የለም? ለማን?

ለእማዬ ደውዬ ነገርኳት። ሃርነሱን የፈረስ ዕቃ ነው የምትለው፣ ታውቃላችሁ። «ለቆራሌ ስጪው!» አለችኝ። አውሮራ ቆራሌ የለም እማ። «እንግዲያው ምን አገር ነው?» አለች። መልስ የለኝም። ከዚያ ወሬው ወደ ደብረ ዳሞ ሄደ፣ እንዴት እንደሄደ እንጃ። እዚያ ገዳሙ የሚወጣው በጠፍር ገመድ ነው። የቆዳ! ስንት መነኩሴ፣ ስንት ምእመን በሱ ወጥቶ ወርዷል። እኔ ናይለኔን በዓመት እቆጥራለሁ። ልሄድና ባየው እንዴት ደስ ባለኝ። ሴት ግን አይወጣም። ትከሻዬ ቢድን፣ ዕቃዬ አዲስ ቢሆን፣ ደብረ ዳሞ አልወጣም። ሳቄ መጣ። ከዚያ ደግሞ ሳቁ ሄደ፣ ለምን እንደሆነ አላወቅኩም።

የሚገርመው ዋጋው ነው። ስድስት ቁጥሯን ዕድሜ ልኬን ተጠቅሜባት አላውቅም፣ ግን ዋጋ አላት፣ እንዳዲስ ነች። ብዙ የተንጠለጠልኩበት ሃርነስ ዜሮ ነው። ከዜሮም በታች፣ አደጋ ነው። ገበያው ልክ ነው። እኔም ብሆን የማላውቀው ሰው ሃርነስ አልገዛም። ታዲያ ምን ፈለግኩ? አንድ ሰው መጥቶ «ለሱስ መቶ ዶላር» እንዲለኝ ነው? ቢለኝ እሰጠው ነበር? አልሰጠውም። እንጃ። ልጁ ሲጠይቀኝ ግን፣ ትንሽ... ደስ ብሎኛል መሰለኝ። ዋጋ ይንገሩኝ ሲለኝ። ይሄ ያስጠላል፣ አይደል? የቶድ ስኪነርን ታሪክ እየነገርኩት።

ወይም ደግሞ ብቆርጠው አበቃ ማለት ይሆናል ብዬ ነው። ይሄ ግን የቴራፒስት ወሬ ይመስላል፣ እኔ የምለው አይመስልም። ተዉት።

ለማንኛውም፣ ልጁ ትናንት ጻፈልኝ። አራት ቁጥሯን ይፈልጋል፣ ቅዳሜ ልምጣ ይላል። ካነበብኩት በኋላ መቀሱን አንስቼ ነበር። የእግሩን ማሰሪያ ያዝኩ... ስልክ ተደወለ። የምር ነው የተደወለው። የጥርስ ሐኪሙ ቤት ነው።

ቅዳሜ ካሟን ደጅ ይዤለት ልወጣ አስቤያለሁ። ጋራዡ ሳይከፈት። ግን ደግሞ ይሄ ልጅ ሳይጠይቅ አይሄድም፣ እና ከጠየቀኝ... ዋጋ ልንገረው እንዴ? አይ። ቆይ፣ ምን ነበር ልል የነበረው—