በመዳፍ የተስተካከለ ሚኒሞ

ጤና ይስጥልኝ፤ እንኳን በደህና ተገናኘን። ለዛሬ የተዘጋጀሁት በሌላ ጉዳይ ላይ ነበር፤ ነገር ግን ቅዳሜ ማታ መካኒኩ ጋሼ ጋራዥ ውስጥ የሆነው ነገር ከአእምሮዬ ስላልወጣ እሱን ሳላወራ ማለፍ አልቻልኩም። አረንጓዴዋ የአባቴ ቮልስ መኪና ተነስታለች ወይ ብላችሁ ለምትጠይቁኝ፣ አዎ፣ ተነስታለች። ጠዋት በብርድ ቁልፉ እንደዞረ ትነሳለች። ችግሩ የሚመጣው ሞተሩ ከሞቀ በኋላ ነው፤ መብራት ላይ ስንቆም ሚኒሞዋ (ነዳጅ ሳይረገጥ የሚኖረው የሞተሩ ዝቅተኛ ዙር) እየወረደ፣ መላ አካሏ እየተንቀጠቀጠ ትጠፋለች። ከጠፋች በኋላም ሞተሪኖው (ማስነሻው) በደንብ እያዞረ በጀ አትልም፤ ነዳጅ መስጫውን እስከ ወለሉ ረግጬ ካልያዝኩት በቀር አትነሳም። ፒስተኑም ሲሊንደሩም አዲስ የሆነ፣ ከሥር እስከ ላይ የታደሰ 1600 ሞተር ለምን እንዲህ እንደሚያደርግ ማሰብ እንቅልፍ ነስቶኛል።

ቤንዚኑን የሚያቀጣጥለውን የእሳቱን ነገር በአጭሩ ልለፈው። ፑንቲናው (እሳቱን የሚያቆራርጠው) 0.4 ሚሊ ሜትር ተከፍቷል፣ ቫልቮቹ ሞተሩ ቀዝቅዞ እያለ በ0.15 ተስተካክለዋል፣ የካንዴላ ገመዶቹም 1፣ 4፣ 3፣ 2 የሚለውን ቅደም ተከተል ጠብቀው ተሰክተዋል። ከቦቢናው ተነስቶ ለአውቶማቲክ ቾኩም (በብርድ የአየሩን መግቢያ ለሚጋርደው)፣ በሚኒሞ ጊዜ የቤንዚኑን መንገድ ለሚከፍተው ትንሽ የኤሌክትሪክ ቫልቭም ኃይል የሚያደርሰውን ገመድ ነቅለን መልሰን ስንሰካው ቫልቩ ‹ቀጭ› ብሎ መልስ ሰጥቷል። ያ ገመድ ቢላላ ኖሮ ነዳጅ ስትረግጡ የሚሠራ፣ እግራችሁን ስታነሱ የሚጠፋ ሞተር ይሆን ነበር፤ በዚህ በኩል ግን ምንም አላገኘንም።

ወደ ቅዳሜው ልመለስ። ሞተሩ በደንብ ሞቋል፣ የአየር ማጣሪያው ወርዷል፣ አየርና ቤንዚን የሚቀላቅለው ካርቡሬተሩ አፉን ከፍቶ ይታያል። ሚኒሞው ሊሞት ሲያጣጥር ጋሼ ‹‹እጅህን አምጣ›› አሉኝ፤ መዳፌን ይዘው በካርቡሬተሩ አፍ ላይ ቀስ አድርገው አስቀመጡት፤ ሙሉ በሙሉ አልከደኑትም፣ በአውራ ጣቴ በኩል ጠባብ ክፍተት ትተው ነበር። የመዳፌ ቆዳ ወደ ውስጥ ሲሳብ ተሰማኝ። ከዚያ ሊጠፋ የነበረው ሞተር ድምፁን ሞላ፤ መንቀጥቀጡ ቆመ፤ ከኋላ በሁለቱ ቀጫጭን የጭስ ማውጫዎች የሚወጣው ያ የቮልስ ፉጨት አንድ ወጥ ሆነ። ጋሼ እጄን ሲያነሱት ወረደ፤ ሲመልሱት እንደገና ተስተካከለ። ‹‹ልጄ፣ ከሌላ ቦታ አየር እየሰረቀ ነው›› አሉ፤ ከዚያ ቁልፉን አጥፍተው እጃቸውን መጥረግ ጀመሩ። እኔ ቤንዚን የነካውን መዳፌን ይዤ ቆሜ ቀረሁ። አባቴ ጠዋት ጠዋት አስነስተዋት እኛ ቦርሳ እስክናነሳ ደጅ ላይ ስትጠብቀን የነበረው ድምፅ ልክ ያ ነበር። ምናልባት ድምፁን እንዲያ የሰማሁት ልሰማው ስለፈለግሁ ሊሆን ይችላል፤ በዚህ ላይ እርግጠኛ መሆን አልችልም።

የሚያሳስበኝ ግን ስሜቱ ብቻ አይደለም፤ መዳፉ የተናገረው ነገር ከሰማሁት ምክር ሁሉ ጋር ይጋጫል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ በዚህ ከፍታ የአየር ግፊቱ በባሕር ጠለል ላይ ካለው በሩብ ያህል ያንሳል። ስለዚህ ለጀርመን ቆላ የተለካ ካርቡሬተር እዚህ ሲሠራ አየር ያንሰዋል፣ ቤንዚን ይበዛበታል፤ ሁሉም ሰው ‹‹ቤንዚኑን ቀንስ›› የሚለው ለዚህ ነው። መዳፍ የካርቡሬተሩን አፍ ሲጋርድ ግን አየር ይቀንሳል፣ ቤንዚን ይጨምራል፤ ሞተሩ በዚያ ከተሻለው የጎደለው ቤንዚን ነው ማለት ነው። ጠዋት ደህና የምትነሳውም ቾኩ ተዘግቶ ጉድለቱን ስለሚሸፍንላት ይመስለኛል።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ ቅር ይለኛል። በ34 ፒክት 3 ሶሌክስ ካርቡሬተር ላይ ሚኒሞ የሚስተካከለው በጎኑ ባሉት ሁለት ብሎኖች ነው፤ በትልቁ ብሎን ፍጥነቱ ወደ 850 ዙር ይመጣል፣ በትንሹ ድብልቁ ይስተካከላል። ብዙ ቦታ ግን ካቻቢቴ ተይዞ የሚኬደው በቀጥታ ወደ ነዳጅ ክዳኑ (ነዳጅ ስንረግጥ ካርቡሬተሩ ውስጥ ወደሚከፈተው ክዳን) መቆሚያ ነው። ክዳኑ ያለ ልኩ ሲከፈት የሚኒሞው መንገድ ይዛባል፣ የእሳቱ ሰዓትም ያለ ጊዜው ሊቀድም ይችላል፤ ከዚያ በኋላ ሁለቱን ብሎኖች ቢያዞሯቸው ውጤቱ የተምታታ ይሆናል። አባቴ ያንን መቆሚያ ማንም እንዲነካው አይፈቅዱም ነበር፤ ምክንያቱን የተረዳሁት አሁን ነው።

አየሩ በየት ይገባል? ከካርቡሬተሩ የሚወርደውን ቱቦ ከሁለቱ ጎኖች ጋር የሚያገናኙት ላስቲኮች አዲስ ናቸው፤ ማሸጊያ ጋርኒሲዮኖቹም ተቀይረዋል። የቀረው የነዳጅ ክዳኑ ዘንግ ነው። ዘንጉን በጣት ስትይዙት ወደ ላይና ወደ ታች ይጫወታል፤ የካርቡሬተር ማጽጃ ስንረጭበት በአንደኛው ጎን የሞተሩ ድምፅ ተቀይሯል፣ ግን ሁልጊዜ አይደለም። ሞተሩ ታደሰ፣ ካርቡሬተሩ ግን አሮጌ እንደሆነ ቀረ፤ በደንብ የሚስብ አዲስ ሞተር የአሮጌውን ካርቡሬተር ክፍተት አጋልጦት ይሆን? ይህ አሳማኝ ሆኖ ይታየኛል፤ ሆኖም በሞቀችበት ነዳጅ መስጫውን እስከ ወለሉ ካልረገጥኩ አለመነሳቷን አይፈታልኝም፤ እንዲያ ስትረግጡ የሚነሳ ሞተር የታፈነ፣ ቤንዚን የበዛበት ሞተር ነውና። ሞተሩ ሲቆም በሙቀቱ በካርቡሬተሩ ጎድጓዳ ውስጥ የተጠራቀመው ቤንዚን እየፈላ ወደ ቱቦው ይወርድ ይሆናል፤ ወይም ተንሳፋፊውን እየተከተለ የቤንዚኑን መግቢያ የሚዘጋው መርፌ በደንብ አይዘጋም። አንዱ ምልክት ቤንዚን አነሰ፣ ሌላው በዛ ይላል፤ ሁለቱም ደግሞ ከአንድ ካርቡሬተር የመጡ ናቸው።

ጋሼ የዘንጉን ቀዳዳ በቶርኖ አስፍተን የነሐስ ቡሽ (ዘንጉን የሚይዝ ቀለበት) እናስገባ ይላሉ። አንዴ የሰፋ ቀዳዳ አይመለስም፤ ያ ካርቡሬተር ደግሞ አባቴ በእጃቸው ያስተካከሉት ነው። አዲስ መግዛት ይቻላል፤ ነገር ግን ቮልስ ራሷ 2003 ላይ ሜክሲኮ ውስጥ መመረቷ ካቆመ ወዲህ ገበያ ላይ በሚገኘው ምትክ ዕቃ ላይ ያለኝ እምነት ትንሽ ነው። በሙቀት ስላለው አነሳሷ ስነግራቸው ጋሼ ዝም ነው ያሉኝ። መልሱን እያወቁ ይሁን፣ ወይስ እሳቸውንም አሳስቧቸው፣ አልጠየቅኋቸውም። ማክሰኞ ካርቡሬተሩን አውርደን መጀመሪያ መርፌውንና ተንሳፋፊውን እናያለን፤ ስለ ቡሹ ግን እስካሁን ይሁን አላልኩም፣ ምክንያቱም መርፌው ደህና ሆኖ ከተገኘ...