የሐዋሳ ሐይቅ ዳር፦ ፊላው ውስጥ ማን ይኖራል?

(ምስል፦ ፍቅር ሐይቅ የሚባለው የሐዋሳ ሐይቅ ዳር መዝናኛ፣ ጠዋት። ካሜራው ከውሃው መሀል ተነስቶ ወደ ዳር ይመጣል፤ ፊላው ላይ ይቆማል።)

ሐዋሳ የመጣ እንግዳ መጀመሪያ የሚያደርገው ነገር ይታወቃል። ሻንጣውን ያስቀምጣል፣ ወደ ሐይቁ ይወርዳል፣ ፎቶ ይነሳል። ፎቶው ላይ ውሃው አለ፣ ጀልባው አለ፣ ማዶ ያለው ተራራ አለ። እግሩ ሥር ያለው ፊላና ቄጠማ ግን ከፎቶው ውጪ ነው። እንዲያውም «ይሄ ነገር ቢጠረግ ሐይቁ እንዴት ያምር ነበር» የሚል ሰው አይጠፋም።

በዚህ ቪዲዮ የምናየው ይጠረግ የሚባለውን ዳር ነው። ከመሬቱ እስከ ጥልቁ ውሃ ድረስ ያለችው ያቺ ቀጭን መስመር ብትጠፋ፣ ሳህናችን ላይ የሚቀርበው ቆሮሶ ዓሣም፣ ቆመን የምናያቸው ወፎችም አብረው ይመናመናሉ። ለምን እንደሆነ ቀረብ ብለን እንይ።

ስለ ሐይቁ ሁለት ሦስት ነገር ላንሳ። የሐዋሳ ሐይቅ ከስምጥ ሸለቆ ሐይቆቻችን ከትንንሾቹ ይመደባል። ስፋቱ 90 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በጣም ጥልቅ የሚባለው ቦታው 22 ሜትር አካባቢ ይደርሳል። ዓመቱን ሙሉ የሚገባለት ወንዝ አንድ ብቻ ነው፤ ጥቁር ውሃ። ከሐይቁ የሚወጣ ወንዝ ደግሞ የለም።

ይቺን የመጨረሻዋን ነገር ያዙልኝ። መውጫ የሌለው ሐይቅ ብዙውን ጊዜ ጨዋማ ይሆናል። ሻላና አብያታን ማየት ይበቃል። ሐዋሳ ግን ጨው አልሆነም፤ ውሃው በመሬት ውስጥ ሰርጎ እንደሚሄድ ነው አጥኚዎች የሚያስረዱት። ውሃው ይሰርጋል፤ ደለሉና ፕላስቲኩ ግን አይሰርጉም። የገባው እዚያው ይቀራል። ስለዚህ ሐይቁ በር ላይ ቆሞ የሚይዝለት ነገር ያስፈልገዋል።

(ምስል፦ አንድ የፊላ ቅጠል ተቆርጦ በእጅ መዳፍ ላይ።)

ያ ነገር ፊላ ነው። ቁመቱ ሰው ይበልጣል። ጫፉ ላይ ያለውን ቡናማ ዘንግ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ ሲደርስ ይፈነዳና እንደ ጥጥ በነፋስ ይበናል። እኔ የማሳያችሁ ግን ቅጠሉን ነው። የተቆረጠውን ጎን ተመልከቱ። ውስጡ ድፍን አይደለም። ትንንሽ ክፍሎች ተደርድረውበታል፤ ሁሉም ባዶ ናቸው። ባዶ የሆኑት አየር እንዲያልፍባቸው ነው። ፊላው የቆመበት ጭቃ ውስጥ ኦክስጅን የለም ማለት ይቻላል። ሌላ ተክል እዚያ ቢተከል ሥሩ ይበሰብሳል። ፊላ ግን ከላይ የወሰደውን አየር በእነዚህ ክፍሎች አድርጎ እስከ ሥሩ ያወርዳል። ከዚያ የተረፈው ወደ ጭቃው ይወጣል። በዚያች ትንሽ ኦክስጅን የሚኖሩ ረቂቅ ተሕዋስያን ሥሩን ከበው ይቀመጡና ውሃው ይዞት የመጣውን ቆሻሻ ያብላላሉ። ፊላው ራሱም ከእርሻ የመጣውን ማዳበሪያ መጥጦ ያድግበታል።

ጎርፍ ሲመጣም ሥራው አይቆምም። ደለል የያዘው ውሃ ጥቅጥቅ ያለው ፊላ ውስጥ ሲገባ ፍጥነቱ ይቀንሳል። ፍጥነቱ የቀነሰ ውሃ አፈር መሸከም አይችልም። አፈሩ እዚያው ይወርዳል፤ ወደ መሀል የሚያልፈው ውሃ የጠራ ነው።

አጠገቡ ያለው ቄጠማ ነው። ለበዓል ቤታችን የምንጎዘጉዘው። ቄጠማን ከሣር ለመለየት ዓይን ብቻ አይበቃም፣ እጅ ይፈልጋል። ዘንጉን በሁለት ጣታችሁ መሀል ይዛችሁ ለማንከባለል ሞክሩ። የሣር አገዳ ክብ ስለሆነ ይሽከረከራል። ቄጠማው እምቢ ይላል፤ ብዙዎቹ የቄጠማ ዓይነቶች ዘንጋቸው ባለ ሦስት ጠርዝ ነው። ልጆች ይዛችሁ ከሄዳችሁ ይህን አሳዩዋቸው፤ ሲረዱት በጣም ይደሰታሉ።

(ምስል፦ የውሃ አበባ። ቅጠሎቹ ላይ አንድ ወፍ ይራመዳል።)

ከፊላው ወደ ውስጥ ትንሽ ገባ ሲባል የውሃ አበባ አለ። ሰማያዊ አበባው ጠዋት ይከፈታል፣ ከሰዓት በኋላ ይዘጋል። ሰፊው ቅጠል ውሃው ላይ ተንጣሎ ይተኛል። የአብዛኛው ተክል መተንፈሻ ቀዳዳ በብዛት ያለው በቅጠሉ የታችኛው ገጽ ነው። የዚህኛው ግን በላይኛው ገጽ ነው፤ ታቹ ውሃ ነውና።

አሁን ወፉን ተመልከቱ። ደረቅ መሬት ላይ ያለ ይመስል ቅጠሉ ላይ ይራመዳል። ጃካና ይባላል። ጀርባው ቡናማ ነው፣ ግንባሩ ላይ ሰማያዊ ምልክት አለው። ምስጢሩ እግሩ ላይ ነው። ጣቶቹ ከሰውነቱ ጋር የማይመጣጠኑ ረጃጅሞች ናቸው። ክብደቱን ሰፊ ቦታ ላይ ስለሚበትኑት ቅጠሉ አይሰምጥም።

ከእግሩ የበለጠ የሚገርመው ቤተሰቡ ነው። ሴቷ ከወንዱ ትበልጣለች። ከአንድ በላይ ባል አላት። እንቁላል ትጥልለትና ወደ ሌላው ትሄዳለች። የሚታቀፈው ወንዱ ነው። ጫጩቶቹን የሚያሳድገውም እሱ ነው። አደጋ ሲመጣ ጫጩቶቹን ክንፉ ሥር ሰብስቦ ብድግ ይላል። በዚያን ጊዜ ካያችሁት ከሥሩ የጫጩቶቹ ረጃጅም እግሮች ተንጠልጥለው ይታያሉ፤ ብዙ እግር ያለው ወፍ ነው የሚመስላችሁ።

(ምስል፦ ጥልቀት የሌለው ውሃ፣ ከላይ። አሸዋው ላይ ክብ ጉድጓዶች።)

አሁን ወደ ውሃው ውስጥ እንግባ። ሐዋሳ ሐይቅ ውስጥ የሚታወቁት የዓሣ ዓይነቶች ስድስት ናቸው። ገበያው ላይ ጎልቶ የሚወጣው ቆሮሶ ነው፤ ከዚያ አምባዛ ይከተላል። ሐይቁ ዳር ወዳለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል፣ ሄዳችሁ ጥብስ ስታዙ፣ ወይም ጥሬውን በዳጣ ስትበሉ፣ እጃችሁ ላይ ያለው በአብዛኛው ቆሮሶ ነው።

ቆሮሶ የት ይወለዳል? እዚሁ፣ ዳር። ወንዱ ጥልቀት የሌለው ቦታ ይመርጣል። በአፉ አሸዋ እያነሳ እየጣለ ክብ ጉድጓድ ይቆፍራል። ጨርሶ ይጠብቀዋል፤ ሌላ ወንድ ቢጠጋ ያባርራል። ሴቷ መጥታ እንቁላሏን እዚያ ትጥላለች። ቀጥሎ የምታደርገው ግን ሌላ ነው። እንቁላሎቹን አንድ በአንድ ለቅማ አፏ ውስጥ ታስገባቸዋለች። እዚያው ይፈለፈላሉ። በዚያ ሁሉ ጊዜ አትበላም፤ ብትበላ ልጆቿን ትውጣለች። አድገው መዋኘት ሲጀምሩ ትለቃቸዋለች። አደጋ ካለ አፏን ትከፍታለች፣ ተንጋግተው ተመልሰው ይገባሉ።

ከአፏ የወጡ ሕፃናት ዓሦች የት ይሄዳሉ? መሀል ሐይቅ ላይ ቢወጡ የትልቅ ዓሣ ቁርስ ናቸው። የሚደበቁት ፊላው ግንድ መሀል ነው። ምግባቸውም ያለው እዚያው ነው፤ በፊላው ግንድ ላይ የሚበቅለው አልጌና በመሀሉ የሚርመሰመሱት ጥቃቅን ነፍሳት። ፊላው ሲታጨድ መደበቂያውም ማእዱም አብሮ ይታጨዳል። ቀዳዳው ጠባብ የሆነ መረብ በዚህ ዳር ሲጣል የሚያናድደኝም ለዚህ ነው። የሚያወጣው ገና ያላደገውን፣ አንድ ጊዜ እንኳ ያልወለደውን ዓሣ ነው።

አምባዛ ሌላ ዓይነት ፍጥረት ነው። ቅርፊት የለውም። አፉን የከበቡት ስምንት ጺሞች ጨለማ ውስጥ እየዳሰሰ ምግብ የሚያገኝባቸው ናቸው። ከስንጥቡ በተጨማሪ አየር የሚተነፍስበት አካል ስላለው ውሃው ቢደፈርስና ኦክስጅን ቢያጣ ወደ ላይ ብቅ ብሎ ይስባል። መሬቱ እርጥብ ከሆነ ከውሃ ውጪም እየተሳበ አጭር መንገድ ይሄዳል። ክረምት ላይ ውሃው ሞልቶ ዳር ያለውን ሣር ሲሸፍን፣ እንቁላሉን ለመጣል ወደዚያ ይወጣል። ይኸው ተመልሰን ዳር ላይ ነን።

(ምስል፦ ጥቁርና ነጭ ወፍ በአየር ላይ ቆሞ ክንፉን ያራግባል፤ ተወርውሮ ውሃው ውስጥ ይገባል።)

ዓሣ ካለ ዓሣ በል አለ። ይቺ ጥቁርና ነጭ ዝንጉርጉር ወፍ አየር ላይ አንድ ቦታ ቆማ ታነጣጥራለች፤ ከዚያ በጭንቅላቷ ትወርዳለች። የቅርንጫፍ እርዳታ ስለማትፈልግ ከዳር ራቅ ብላ ማደን ትችላለች። ትንሿ ዘመዷ፣ ሰማያዊና ብርቱካናማዋ፣ ፊላ ላይ ተቀምጣ ነው የምትጠብቀው። ትልቁ ነጭ ራስ ያለው ንስር ደግሞ ዛፍ ጫፍ ላይ ነው። ሲጮኽ አንገቱን ወደ ኋላ ይቀለብሳል፤ ድምፁ ከሩቅ ይሰማል።

ፊላው ጫፍ ላይ የተንጠለጠሉትን ክብ ጎጆዎች ደግሞ አትለፏቸው። የሚሠራቸው ወንዱ ነው፤ ቢጫው ወፍ። ሣር እየሰነጠቀ፣ በአፉ እያሾለከ፣ እየቋጠረ ይሸምናል። ሲጨርስ ሴቷ መጥታ ትመረምራለች። ካልወደደችው አለቀለት፤ አፍርሶ እንደገና ይጀምራል። ጎጆው ውሃ ላይ መንጠልጠሉ በአጋጣሚ አይደለም። እባብም ጦጣም ወደዚያ ቀጭን ጫፍ ለመድረስ ይቸግራቸዋል።

(ምስል፦ አሞራ ገደል። አባ ኮዳዎች በሰው መሀል።)

አሞራ ገደል ላይ ጀልባዎቹ ሲመለሱ አባ ኮዳ ቀድሞ ተሰልፏል። ቁመቱ አንድ ሜትር ተኩል ይደርሳል። ክንፉን ሲዘረጋ ወደ ሦስት ሜትር ይጠጋል። መላጣ ነው እየተባለ ይታማል፤ ጥምብ ውስጥ ራሱን የሚያስገባ ወፍ ላባ ቢኖረው ግን ደምና ስብ እየተጣበቀበት ይቸገር ነበር። ነጭ የሚመስለው እግሩም ነጭ አይደለም። ሙቀት ሲበዛበት ኩሱን እግሩ ላይ ይለቃል። እርጥበቱ ሲተን እግሩ ይቀዘቅዛል፤ ሲደርቅ ነጭ ሆኖ ይቀራል። ይህን ወፍ በድንጋይ የሚያባርሩ ሰዎች አሉ። እባካችሁ ተዉት። ሲበለት የተጣለውን የዓሣ አንጀትና ጭንቅላት እሱ ባይለቅመው ሽታው ማንንም አያስቆምም ነበር።

ቀና ካላችሁ ዛፎቹ ላይ ሌላ ዓለም አለ። ጉሬዛው ጥቁርና ነጭ ካባውን አንጠልጥሎ ይቀመጣል። አውራ ጣት የለውም ማለት ይቻላል፤ አራቱን ጣቶች ቅርንጫፍ ላይ እየሰቀለ ይወረወራል። ዋና ምግቡ ቅጠል ስለሆነ ሆዱ ብዙ ክፍል አለው፤ ለዚህም ነው ረጅም ሰዓት ዝም ብሎ የሚቀመጠው፣ እያብላላ ነው። ጦጣው ግን ጠግቦም አይቀመጥም። ቦርሳችሁን ጠብቁ።

ሁሉንም የሚያገናኛቸው ዛፍ ሾላ ነው። ፍሬው ግንዱ ላይ ሳይቀር ይንዠረገጋል። አበባ ሲያወጣ ያየው ሰው የለም፤ አበባዎቹ ያሉት ፍሬ በምንለው ነገር ውስጥ ነው። ከትንኝ የማትበልጥ ተርብ በጫፉ ባለች ጠባብ ቀዳዳ ትገባለች። ስትገባ ክንፏ ይገነጠላል። ይዛ የመጣችውን የአበባ ብናኝ ታዳርሳለች፣ እንቁላሏን ትጥላለች፣ እዚያው ትሞታለች። ልጆቿ ውስጡ አድገው ብናኝ ይዘው ወደ ሌላ ሾላ ይበራሉ። ያቺ ተርብ ባትኖር ሾላው ዘር አይኖረውም። ሾላው ባይኖር ጦጣውም ወፉም ምግብ ያጣል።

(ምስል፦ ጨለለቃ። ረግረግ፣ የሚግጡ ከብቶች።)

ዳሩ ሲጎዳ ምን እንደሚመጣ ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ጥቁር ውሃ ወደ ሐይቁ ከመግባቱ በፊት የሚያልፍበት ጨለለቃ፣ የዛሬ 50 ዓመት ገደማ ራሱን የቻለ ሐይቅ ነበር። ዛሬ ደለል ሞልቶት ረግረግ ሆኗል። ከላይ ያለው ኮረብታ ሲራቆት አፈሩ እዚያ ወረደ። ጨለለቃ ይይዘው የነበረው ደለል አሁን መያዣው ሲሞላ የሚቀጥለው ማረፊያ ሐዋሳ ሐይቅ ነው። ያንን የሚያዘገየው የዳሩ ተክል ነው፤ እሱ ግን ለግጦሽ፣ ለጓሮ አትክልትና ለግንባታ እየተመነጠረ ነው።

አንድ ነገር ግን እንለይ። ውሃ ላይ ያለ አረንጓዴ ሁሉ ወዳጅ አይደለም። እምቦጭ ከደቡብ አሜሪካ የመጣ ነው። አገራችን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ቆቃ ሐይቅ ላይ ታየ፤ ጣናን ምን እንዳደረገው ሁላችንም እናውቃለን። በውሃው ላይ ተንሳፍፎ ብርሃኑን ይዘጋል። ስትለዩት ያበጠውን የቅጠሉን አንገትና ሐምራዊ አበባውን ተመልከቱ። ፊላና ቄጠማ ግን መሬት ቆንጥጠው ነው የሚቆሙት፣ የዚሁ አገር ናቸው። ጽዳት ዘመቻ ስትወጡ የሚነቀለውና የማይነቀለው ይህ ነው። ፕላስቲኩን ልቀሙ፣ ፊላውን ተዉ።

(ምስል፦ የጀልባ ማቆሚያው። ሰዎች ይሳፈራሉ።)

ሄዳችሁ ማየት ለምትፈልጉ፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ያለውን ያህል ጥሩ ጊዜ የለም። ፀሐይ ሲበረታ ወፎቹ ጥላ ይይዛሉ። ከመስከረም እስከ መጋቢት ከመጣችሁ የአውሮፓን ብርድ ሸሽተው የመጡ ወፎችም ይጨመሩላችኋል። ባይኖክላር ካላችሁ ያዙ፤ ከሌላችሁ የስልካችሁ ካሜራ ጎጆዎቹን አቅርቦ ለማየት ይበቃል። ጉማሬ ለማየት በጀልባ ስትወጡ ባለ ጀልባውን «ጠጋ በል» አትበሉት፤ እሱ ርቀቱን ያውቃል። ጉማሬ ሲመሽ ሣር ለመጋጥ ወደ ዳር ስለሚወጣ፣ ከጨለመ በኋላ ፊላው አጠገብ አትቆዩ። በእሱና በውሃው መሀል መግባት ከሁሉም የከፋ ነው።